ግሸን ለምትወጡ፦ ደሴ ላይ የት ትተኛላችሁ፣ ምን ትበላላችሁ?

የደመራው አመድ ሳይበርድ ስልኬ መጮኽ ይጀምራል። «ደሴ አልጋ ይገኛል?» ሰላምታው እንኳ ከዚያ በኋላ ነው የሚመጣው። መስከረም 21 የግሸን ማርያም ንግሥ ነው፤ ከአዲስ አበባም ከውጭ አገርም የሚመጣው ተሳላሚ ወደ አምባሰል ከማቅናቱ በፊት አንድ ሌሊት ደሴ ላይ ያድራል። ለዘመዶቼ በየዓመቱ በስልክ የምደጋግመውን ጠቅልዬ ጽፌዋለሁ። ከእንግዲህ ለጠየቀኝ ሁሉ የምልከው ይህንን ነው።

አስቀድሜ አንድ ነገር ልበል። ይቺ ሌሊት የሽርሽር ሌሊት አይደለችም። ሥራዋ ሁለት ነው፦ ለመኪናው በሰዓቱ ማድረስና ሆድን ሰላም አድርጎ ማሳደር። ሆቴሉ ስንት ኮከብ አለው፣ ቁርሱ ቡፌ ነው ወይ የሚለው ለመልሱ ይቆይ።

መጀመሪያ መኪናው፣ ከዚያ አልጋው

ብዙ ሰው ገልብጦ ነው የሚጀምረው። አልጋ ያሲዝና ከዚያ መኪና ይፈልጋል። እናንተ መኪናውን ቁረጡ፤ በጉዞ ማኅበር ብትሄዱም፣ ሚኒባስ ኮንትራት ብትይዙም፣ ከመናኸሪያ ብትሳፈሩም ለሹፌሩ ወይም ለአስተባባሪው ሦስት ጥያቄ አቅርቡ። የትኛው ቀን ነው የምንነሣው? የት ነው የምትጭኑት? ስንት ሰዓት?

«የት» የሚለው ላይ «ደሴ ነዋ!» ብሎ የሚያልፋችሁን አትልቀቁት። ደሴ በጦሳ ተራራ ሥር ጠባብ ሆና የተዘረጋች ከተማ ናት፤ ከዳር እስከ ዳር ያለው ሰው የሚመላለሰው በአንድ ዋና መንገድ ነው ማለት ይቀላል። የበዓል ሰሞን ደግሞ መንገዱ በአውቶብስ ይሞላል። በካርታ አሥር ደቂቃ የሚመስለው ርቀት ሻንጣ ይዞ ባጃጅ ለሚፈልግ ሰው ሌላ ነገር ነው። ስለዚህ ሰፈሩን ብቻ ሳይሆን ምልክቱንም ጠይቁ፤ የቱ ማደያ ጋ፣ የቱ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ።

«ስንት ሰዓት» የሚለው ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። የአክስቴ ልጅ ከውጭ መጥቶ ሹፌሩ «አሥር ሰዓት ላይ ዝግጁ ሁን» አለው። ስልኩን አሥር ሰዓት ላይ ሞላ። ስልኩ ግን የፈረንጅ ሰዓት ነውና ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ነው የጮኸለት፤ መኪናው ያኔ አምባሰል ገብቷል። ሻይ እየጠጣ አግኝቼው ሁለታችንም ሳቅን፤ እሱ ግን ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር። ከውጭ ለምትመጡ፦ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ማለት በስልካችሁ 4፡00 ነው። ሹፌሩ ሰዓት ሲነግራችሁ «የሌሊቱን ነው የምትለው?» ብላችሁ አስደግሙት።

በዚያው ስልክ ስለ መንገዱም ጠይቁ። ሌሊት መንቀሳቀስ የማይቻልበት ጊዜ ይኖራል፤ እንዲህ ሲሆን መነሻው ወደ ንጋቱ 12 ሰዓት ይገፋል፣ የአልጋ ምርጫችሁም ሰፋ ይላል። ይህንን ከሹፌር የተሻለ የሚያውቅ የለም። በመነሻችሁ ዋዜማ ከሰዓት በኋላ ደግማችሁ ደውሉለት።

ደሴ፣ ኮምቦልቻ ወይስ ሐይቅ?

በአውሮፕላን የሚመጣ ሰው የሚያርፈው ኮምቦልቻ ነው። ኮምቦልቻ ሞቅ ያለች ናት፤ ከፍታዋ 1,850 ሜትር ገደማ ሲሆን ደሴ 2,500 አካባቢ ትደርሳለች። ጎዳናዋ ሰፊ ነው፣ አልጋዋም ብዙ ጊዜ ከደሴው ይልቅ በቀላሉ ይገኛል። ስለዚህ «ለምን እዚሁ አላድርም?» ማለት ያጓጓል። ለዚህች ሌሊት ግን አልመክርም። በሁለቱ ከተሞች መካከል 25 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆን ነው፤ ነገር ግን ሐረጎ አለ። የሐረጎን ጠመዝማዛ በመስከረም ጉም ውስጥ፣ በሌሊት፣ ሰዓት እየተቆጣጠረኝ ልወጣው የምል ሰው አይደለሁም። ጉሙ ሲወርድ ከፊታችሁ ያለው የከባድ መኪና መብራት ራሱ አሥር እርምጃ ላይ ነው የሚታየው።

በመልሱ ግን ኮምቦልቻ እደሩ። በረራችሁ በማግስቱ ጠዋት ከሆነ ደሴ አድሮ በጥድፊያ ሐረጎን ከመውረድ ዋዜማውን ወርዶ መተኛት ይሻላል። ከአቀበት መልስ የደከመ ጉልበትም ሙቀቱን ይወደዋል።

ሐይቅ ከደሴ በሰሜን በኩል 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ናት። ከወልድያ በኩል በራሳችሁ መኪና የምትመጡ ከሆነ እዚያ ማደር ይቻላል። ለእኔ ግን ሐይቅ የምሳ ከተማ ናት፤ ዓሣዋን በልታችሁ፣ ጊዜ ካላችሁ በ13ኛው ክፍለ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዓ ያቀኑትን የእስጢፋኖስን ገዳም ተሳልማችሁ ወደ ደሴ መቀጠል ነው። ገዳሙ ሴት አያስገባም፤ ባልና ሚስት ሆናችሁ ስትሄዱ ይህን አስቀድማችሁ እወቁ፤ እዚያ ደርሶ መኳረፍ እንዳይመጣ።

ሰፈር አመራረጥ

መኪናው የት እንደሚጭን ካወቃችሁ ምርጫው ራሱ ይጠባል። ከመጫኛው በእግር ሩብ ሰዓት የማይሞላ ቦታ ፈልጉ። ፒያሳና አራዳ መሐል ከተማ ናቸው፤ እራትም መድኃኒት ቤትም ባጃጅም ቅርብ ነው። መናኸሪያ አካባቢ ያሉት ማደሪያዎች ርካሽና ለመሳፈር የሚመቹ ቢሆኑም ጥሩንባና የረዳት ጥሪ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ጀምሮ አያስተኛም። እንቅልፋችሁ ቀላል ከሆነ አንድ መንገድ ገባ ብሎ ያለውን ፔንሲዮን ምረጡ፤ ዋናው መንገድ ዳር ያለውን ፎቅ ተዉት።

ኮረብታ ላይ ያሉት አዳዲስ ሆቴሎች እይታቸው ያምራል፣ አልክድም። ማታ ከሰገነቱ ላይ ሆኖ የደሴን መብራት ማየት የሚያስቀና ነገር ነው። ታዲያ ሌሊት ባጃጅ እዚያ ድረስ ወጥቶ አይወስዳችሁም።

አልጋውን ከመስቀል በፊት ያዙ። ከ17 እስከ 20 ባሉት ቀናት ዋጋውም ይጨምራል፣ «ሞልቷል» የሚለውም ይበዛል። በስልክ ከያዛችሁ ቀብድ በቴሌብር ላኩና የተቀበለውን ሰው ስምና የክፍሉን ቁጥር በአጭር መልእክት አስጽፉ። እንዲያው «አብሽሩ፣ አለላችሁ» ብቻ ከተባላችሁ አልጋ የላችሁም። በወሎ «አብሽር» ለልብ መድኃኒት ነው፤ ለአልጋ ግን ደረሰኝ ይሻላል። አንድ ዓመት ለአራት ሰው ያስያዝኩት ማደሪያ ስንደርስ ለሌላ ሰጥቶት አገኘሁና ሽማግሌ አጎቴን ሳሎን ምንጣፍ ላይ አስተኝቻለሁ። እሳቸው ምንም አላሉም፤ እኔን ግን እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።

ክፍሉን ሳታዩ አትክፈሉ

ክፍል ማየት ነውር አይደለም። «እስኪ ልየው» በሉና ግቡ፤ አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

ቧንቧውን ክፈቱ። «ሙቅ ውሃ አለ ወይ?» ብላችሁ አትጠይቁ፤ መልሱ ሁሌም «አለ» ነው። ማሞቂያውን አብርታችሁ ሻንጣ እስክታስገቡ ቆዩና እጃችሁን አስገቡበት። ውሃ የሚጠፋበት ቀን ስላለ ሮቶ እንዳላቸውም ጠይቁ፤ ካልሆነ አንድ ባልዲ ሞልተው እንዲያስቀምጡላችሁ።

አንሶላውን ግለጡ። የስልካችሁን መብራት አብርታችሁ የፍራሹን ስፌትና የራስጌውን እንጨት ስንጥቅ ተመልከቱ። ጥቃቅን ጥቁር ነጠብጣብ ካያችሁ ትኋን ነው፤ «ተረጭቷል» ቢሏችሁም አመስግናችሁ ውጡ። አንድ ሌሊት የተባላ ሰው በማግስቱ አቀበት ላይ የሚያስበው ስለ ጸሎት አይደለም።

በሩን ዝጉና ዝም ብላችሁ ስሙ። ከሥሩ ግሮሰሪ ወይም ጭፈራ ቤት ካለ በቀን አይታወቅም፤ ስለዚህ ምድር ቤቱ ምን እንደሆነ ጠይቁ። ወደ ጓሮ የዞረ ክፍል ካለ እሱን ውሰዱ።

ብርድ ልብስ ቁጠሩ። መስከረም ሲያጋምስ ዝናቡ ቢቀንስም የደሴ ሌሊት ቀልድ አያውቅም፤ አንድ ስስ ብርድ ልብስ ካያችሁ ሁለተኛ አስጨምሩ፤ ማታ ሁሉም ሲጠይቅ ያልቃልና በቀን ጠይቁ። ሶኬቱንም ሞክሩ፤ ስልክና ፓወር ባንክ ሞልታችሁ የምትወጡት ከዚህ ነው።

ዘመድ ቤት

ወሎ ውስጥ ዘመድ እያላችሁ ሆቴል መያዝ ማስቀየም ነው። «ምነው ሰው የሌለህ መሰልክ?» ትባላላችሁ። እውነቱን ለመናገር ከሆቴል የሚበልጥ አቀባበልም ታገኛላችሁ። ችግሩ እንቅልፉ ነው።

እናቴ ቤት የሚሆነውን ልንገራችሁ። እንግዳ ሲመጣ ቡናው ከሰዓት በኋላ 11 ሰዓት ላይ ይቆላል፤ አቦል፣ ቶና፣ በረካ ሲባል 1 ሰዓት ያልፋል። ጎረቤት «እንኳን ደህና መጡ» ለማለት ይገባል። ከእነሱ ግማሹ ሙስሊም ነው፤ የግሸን እንግዳ መምጣቱን ሰምተው ለመንገድ የሚሆን ቆሎ በወረቀት ጠቅልለው የሚያመጡ አሉ። እራት 3 ሰዓት ላይ ይቀርባል። በላሁ ስትሉ «በሞቴ!» ትመጣለች፤ ከበሞቴ በኋላ ጉርሻ፣ ከጉርሻ በኋላ «አንድ ያጣላል» አለ። 5 ሰዓት ላይ መኝታ፤ 9 ሰዓት ላይ መነሻ። የተኛችሁት አራት ሰዓት ነው፣ እሱም በሞላ ሆድ።

መፍትሔው ይኸውላችሁ፦ ከመነሻችሁ ሁለት ቀን ቀድማችሁ ግቡ። የመጀመሪያዋን ሌሊት ለዘመድ ስጡ፤ ቡናውንም ጉርሻውንም ጠግቡ። ሁለተኛዋን ሌሊት «መኪናው ከደጄ ነው የሚነሣው» ብላችሁ መጫኛው አጠገብ ተኙ። ጊዜ ከሌላችሁ ደግሞ የቤቱን ታላቅ ሰው ለብቻቸው ጠርታችሁ ሰዓቱን ንገሯቸው። «እማማ፣ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ነው የምንነሣው፤ በ2 ሰዓት ይልቀቁን» ካላችኋቸው እሳቸው ራሳቸው ሌላውን ይቆጣሉ።

እራት

ንጉሥ ሚካኤል ደሴ ላይ ያሠሩት ትልቁ ግብር ቤት «አይጠየፍ አዳራሽ» ይባላል፤ ድሃውም ሀብታሙም ሳይጠየፍ አንድ ላይ የሚበላበት ማለት ነው። እናንተ ግን ለዛሬ ማታ ብቻ ተጠየፉ።

ጥሬ ሥጋና ለብለብ ክትፎ አይበላም። ጥሬ ሰላጣም እንዲሁ፤ በምን ውሃ እንደታጠበ አታውቁም። ሚጥሚጣ የበዛበት ነገር ተዉ። ወደ ግሸን የሚወስደው መንገድ ይንጣል፤ መኪናው ከሚያቆምበት ጀምሮ ደግሞ አቀበት አለ፤ አምባው ላይ መግቢያው አንድ በር ነው፣ በንግሥ ቀን እዚያ ላይ የሚኖረውን ግፊያ ያየ ያውቀዋል። መጸዳጃ ፍለጋ ከሰልፍ መውጣት የሚባል ነገር የለም። ሽሮ ተጋቢኖ፣ በደንብ የበሰለ ጥብስ፣ አልጫ፣ ፓስታ፤ ከዚህ አትለፉ። ሆዱ ለሚያስቸግረው ሰው አጥሚት ወይም ገንፎ የሚሠራ ቤት ፈልጉለት። ቡና ከ12 ሰዓት በኋላ ይቅር፣ እራቱም 1 ሰዓት ላይ ይለቅ።

ቤቱን እንዴት ትመርጣላችሁ? ሰው የሚበዛበትን፤ ምግብ አድሮ አይጠብቅምና። ሥጋ ከበላችሁ ከበሩ ወይም ከሥጋ ቤቱ መስኮት በላይ ያለውን ምልክት ተመልከቱ፤ መስቀል ያለበት የክርስቲያን ሥጋ፣ ጨረቃ ያለበት የሙስሊም ነው። ምልክት ካላያችሁ አስተናጋጁን ጠይቁት፤ እዚህ አገር ይህ ጥያቄ ማንንም አያስከፋም፣ ራሱ ቀድሞ የሚነግራችሁም አለ። የሙስሊም ቤት ከሆነና በጾም ምግብ ከተስማማችሁ ግን አትለፉት፤ ደሴ ውስጥ የቀመስኩት ምርጥ ፉል ከእንዲህ ያለ ቤት ነው፣ ጠዋት ጠዋት ዳቦው ከምድጃ እየወጣ።

የሳምንቱን ቀንም አስሉ። በ2019 መስከረም 21 ሐሙስ ይውላል፤ ስለዚህ የንግሡ ዋዜማ ረቡዕ ነው። ለረቡዕ አጥቢያ ሌሊት የሚነሣ ሰው ማክሰኞ ማታ የፍስክ እራት መብላት ይችላል፤ በመኪና ውስጥ የሚበላው ግን የጾም ነው። ሆቴሉ ለመንገድ ብሎ እንቁላል ሳንዱች እንዳያሸክማችሁ ማታውኑ ንገሩ።

ስንቅ

ሰኞ ገበያ ስሙ እንደሚለው የሚደምቀው ሰኞ ነው፤ በ2019 ያ ቀን መስከረም 18 ላይ ይውላል፣ ለስንቅ ግዢ እንዲህ የሚመች ቀን አይገኝም። በሶ ግዙ፤ በውሃ ብቻ ይበጠበጣል፣ ሆድ ይይዛል፣ የጾም ነው። የተቆላ ገብስና ሽምብራ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ሙዝ። ሙዙ ያልበሰለ ይሁን፤ የበሰለው ሻንጣ ውስጥ ልብሳችሁን ያጠግበዋል። ጭኮ የወሎ ኩራት ነው፤ ቅቤ አለበትና ለዘመድ ይዛችሁ ለመመለስ አቆዩት።

ውሃ ለአንድ ሰው ሁለት ትልልቅ ሃይላንድ ያዙ። ባዶውን አትጣሉት፣ ጸበል ይቀዳበታል።

ከመተኛታችሁ በፊት

ሻንጣችሁን ለሁለት ክፈሉ። አምባው ላይ የማያስፈልገውን ትልቁን ሻንጣ ሆቴሉ እንዲያስቀምጥላችሁ ጠይቁ፤ በመልሱ እዚያው ወይም ኮምቦልቻ ብታድሩም ደሴን ማለፋችሁ አይቀርም። ገንዘብና መታወቂያ ግን ከእናንተ ጋር ይሁን። ሂሳቡን ማታ ዝጉ፤ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ እንቅልፉን ያልጨረሰ ልጅ መልስ ሲፈልግ ግማሽ ሰዓት ይሄዳል።

ከዚያ ዘበኛውን አግኟቸው። የደሴ ማደሪያዎች ማታ የብረት በራቸውን ይቆልፋሉ፤ ቁልፉ ያለው ዘበኛው ኪስ ውስጥ ነው፣ ዘበኛው ደግሞ ከሌሊቱ 8 ሰዓት በኋላ ጋቢ ተከናንበው የት ጥግ እንደሚያንቀላፉ የሚያውቅ የለም። እኔ አንዴ አጥር ዘልያለሁ። ስለዚህ ወርዳችሁ «አባቴ፣ 9 ሰዓት ተኩል ላይ እንወጣለን፤ የት አገኝዎታለሁ?» በሏቸው፤ የሚተኙበትን ቦታ በዓይናችሁ እዩ። ለሻይ የምትሰጡትን አሁኑኑ ሳይሆን ሌሊት በሩን ሲከፍቱላችሁ ስጡ።